«ቁም» ያለኝ ሰው

ኪሉንግ ወደብ ላይ ዝናብ እንግዳ አይባልም፣
ደጅ አይጠናም፣ በር አያንኳኳም፣
አንዴ ከገባ አይወጣም።

ከገመድ ሻጩ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ወለሏ የሚያቃስት፣ ጣሪያዋ የሚያይ ሰማይ፣
አንዲት ክፍል ነበረች፣ ጠባብ እንደ ጎሬ፤
እዚያ ነው የወጣሁ፣ ወገቤን አስሬ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክሬን ላይ ተሰቅዬ
የመርከብ ሣጥን ሳወርድ፣ ሳነሣ ውዬ፣
ጡረታ ሲሰጡኝ፣ ከወረቀቱ ጋር
ጎንበስ የማይል ጀርባ ነው የሰጡኝ፣ በምርቃት።

መምህር ዮው ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ
በሬ እንደሚገዛ ሰው፤ ጥርሴን ብቻ ሲቀረው።
«ተቀመጥ» ይለኛል ብዬ ስጠብቀው
«ቁም» አለኝ።
«ዛፍ እንዳቀፍክ ሁን፤ ግን አትጭመቀው።
ጉልበትህን ልቀቀው፣ ትከሻህን ልቀቀው፤
ሣጥኑ ወርዷል እኮ፣ ጂያን! ልቀቀው።»
ብሎ ሄደና ሻዩን ጠጣ።

ክረምቱን በሙሉ የተማርኩት ይኸው ነው።

ከጎኔ የምትቆመው ወይዘሮ ርዋን ናት፣
በረዶ ላይ ዓሣ ስትበልት ጣቶቿ የሞቱባት።
«ሙቀቱ መጣልሽ?» ሲላት መምህሩ
«መጣ፤ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል» ትላለች።
ከኋላ ሽዌ አለ፣ ታክሲ ነጂው፣
ቆሞ የሚያንኮራፋ።
«አትቀስቅሱት፤ ሁላችሁንም ቀደመ፣
ማሰብ ካቆመ ቆየ፣ አካሉ ብቻ ቆመ።»
ከበሩ ሥር ቦ-ዩ፣ ምላሱ የሚተሳሰር ልጅ፣
«እ-እ-እስትንፋስ» ለማለት
አንድ ሙሉ እስትንፋስ የሚጨርስ።

ክፍያው በብስኩት ቆርቆሮ ነው፣ ማንም አይቆጥረው፤
ያለው ሳንቲም ይጥላል፣
የሌለው አዝራር ይጥላል፤
ቆርቆሮው ኪል ካለ
ሁሉም እኩል ከፈለ።

«ቺ ምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ላብ በላብ ሆኜ።
«ነፍስም አይደለች፣ ነፋስም አይደለች፣
በሁለቱ መካከል በጠባቡ ያለች፣
ስትጠራት የቀረች፣ ስትረሳት የመጣች።»
ከግድግዳው ላይ በሬ የጋለበው ሽማግሌ ሥዕል
እርጥበት ግማሽ ፊቱን በልቶት
በቀረው ግማሽ ይስቃል።
ከሥዕሉ ሥር ባልዲ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
«ይህ ባልዲ ባዶ ባይሆን ዝናቡ የት ይገባ ነበር?»
አለ መምህሩ፣ ጣቱን ቀስሮ።
«ጣሪያውስ ቢጠገን?» አለች ርዋን።
እርሱም ዝም አለ፤ ያን ዕለት ትምህርቱ በእርሷ አለቀ።

ኋላ ሳሉ ጠናበት።
መሐረቡ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ።
«ከሰል ነው» አለኝ። «በአሥራ አራት ዓመቴ ተራራ ሥር ገባሁ፣
እኔ ወጣሁ፣ ተራራው ከሳንባዬ አልወጣም።
ቅዱስ ሆኜ መስሎሃል እስትንፋስ ያጠናሁ?
የእህልን ነገር የራበውን ጠይቅ።»

ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ከሆስፒታል ተደወለ።
የነርሷ ድምፅ ቀጭን፤ «ልቡ ቆመ» አለች።

ደረጃውን ወጣን። ቁልፉ እንደ ልማዱ
ከጃንጥላው ማስቀመጫ ሥር።
ማንም ማንንም ሳያዝ ቆምን፣
ዛፋችንን አቅፈን፣ እርሱ የቆመበትን ትተን።
ሽዌ ያን ቀን አላንኮራፋም።
ባልዲው ሞላ። ወለሉን አጠጣ።
ቦ-ዩ ከበሩ ሥር፣ አንገቱ ሥሮቹ ተገትረው፦
«ቆ-ቆ-ቆመ ነው ያለችው፤
ወ-ወደቀ አላለች።»
ርዋን ሳቀች፤ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ተበላሸባት።

ያኔ ነው ገመድ ሻጩ ከታች የጮኸው፦
«ኧረ ውኃችሁ! ገመዴን አበሰበሳችሁት!»
ለባልዲው ቅርብ እኔ ነበርኩ።
አንሥቼው ወጣሁ፣ ልደፋው ወደ ታች፤
ጎንበስ ማለቴን ያወቅኩት
ደረጃው ግማሽ ላይ ደርሼ ነው።